ሰኔ ላይ ያልደረሰ ብር

ልጆች፣ አንድ ነገር ልለምናችሁ። ይህን የምጽፈው ለሁለት ዓይነት ወጣቶች ነው። አንደኛው ካዛንቺስና ስታዲየም አካባቢ ካሉት የዕርዳታና የልማት ቢሮዎች በአንዱ አዲስ የተቀጠረው ነው። ሌላው ፒያሳ ወይም ለገሃር ቀኑን ሙሉ ሲለፋ ውሎ ማታ በቴሌብር ለእናቱ ገጠር ብር የሚልከው ነው። ሥራችሁ አይመሳሰልም፤ ግን ሁለታችሁም ለገበሬ ቤት ጥሬ ገንዘብ ታደርሳላችሁ። እኔም የሥራ ዘመኔን የጨረስኩት በዚሁ ጉዳይ ነው።

ማኪያቶ ይዘን ስናወራ ብዙዎቻችሁ ቀድማችሁ የምትጠይቁኝ «ብር ከሰጠነው ጠላ ቤት አይጨርሰውም ወይ?» ብላችሁ ነው። ጠያቂው የራሱን ደመወዝ ዓርብ ማታ የት እንደሚያደርሰው እኔ አልጠይቀውም። ለማንኛውም ይህ በደንብ ተጠንቷል። ምዕራብ ኬንያ ውስጥ ለደሃ ቤተሰቦች ያለ ምንም ቅድመ ሁኔታ ገንዘብ ተሰጥቶ፣ ውጤቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ታትሟል። ለመጠጥና ለትምባሆ የወጣው ወጪ አልጨመረም። ከብት ተገዛ፣ የሣር ጣራ በቆርቆሮ ተለወጠ፣ የቤቱ ምግብ ተሻሻለ። በየወሩ የተከፈላቸው ይበልጥ ለምግብ አዋሉት። በአንድ ጊዜ የተከፈላቸው ደግሞ ዕቃና ቆርቆሮ ላይ አዋሉት። ስለዚህ ስለ ጠላው ተረጋጉ፤ እኔን የሚያሳስበኝ ብሩ የሚደርስበት ወር ነው።

የደጋ ገበሬን ዓመት አስቡት። ኅዳርና ታኅሣሥ ላይ እህሉ ይገባል። ያኔ ሁሉም ስለሚሸጥ ዋጋው ይወርዳል። እሱም ይሸጣል፤ ብድር አለበት፣ ግብር አለበት፣ ልጆቹ ደብተር ይፈልጋሉ። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ጎተራው ባዶ ይሆናል። በርካሽ የሸጠውን ዓይነት እህል በውድ ይገዛል። መግዣ ሲያጣ በግ ይሸጣል። በግ ከሌለ በሬ ይሸጣል፣ ወይም ከአራጣ አበዳሪ ይወስዳል። በሬው ከሄደ ደግሞ የሚቀጥለው ዓመት እርሻም አብሮ ሄደ ማለት ነው።

ደቡብ ወሎ የማውቃት አንዲት እናት አለች። ባሏ ሞቶባታል፤ መሬት አላት፣ በሬ የላትም። መሬቷን ለእኩል ሰጥታ ትኖር ነበር። ሌላው ያርሳል፣ እሷ ግማሹን ትወስዳለች። ሴፍቲኔት፣ ማለትም ለችግረኛ የገጠር ቤተሰብ በአብዛኛው በሥራ ምትክ ብር ወይም እህል የሚሰጠው የመንግሥት ፕሮግራም፣ ውስጥ ስትገባ የተከፈላት ብር በሬ አልገዛላትም፤ ያን ያህል አይደለም። ግን አንዲት እናት በግ ነበረቻት፣ እሷን ከመሸጥ አዳናት። በጓ ወለደች፣ ደገመች። ከግልገሎቹ ሽያጭ ወይፈን ተገዛ። በሬ ሲሆንላት አንድ በሬ ካለው ጎረቤቷ ጋር መቀናጆ ገባች። ዛሬ የእሱን ይዛ መሬቷን በልጇ ታሳርሳለች፤ እሱም በተራው የእሷን። ሪፖርት ላይ ይህ «የጥሪት ጥበቃ» ተብሎ በአንድ መስመር ያልፋል።

የክፍያ ቀን ሄዳችሁ እዩ። ቀበሌው ፊት ለፊት ያለው ሜዳ ገበያ ይመስላል። ገንዘብ ያዡ ጠረጴዛ አውጥቶ ይቀመጣል። ስም ይጠራል፣ አውራ ጣት ቀለም ይነካል፣ ፔሮሉ ላይ አሻራ ያርፋል። ሴትየዋ ብሯን ሁለቴ ቆጥራ መቀነቷ ላይ ትቋጥራለች። ከዛፉ ሥር ደግሞ አበዳሪዋ ቁጭ ብሎ ይጠብቃታል። ክፍያው በዘገየ ቁጥር ከቋጠሮው ወደ እሱ የሚያልፈው ይበዛል።

ጥሬ ገንዘብ የሁሉ ነገር መድኃኒት ነው እያልኩ አይደለም። በ1965 ዓ.ም. ወሎ በረሃብ ሲያልቅ ደሴ ገበያ ላይ የእህል ዋጋ እምብዛም አልናረም ነበር። ኢኮኖሚስቱ አማርትያ ሴን ይህን አጥንቶታል። ዝናቡ ሲቀር ገበሬው የሚበላውን ብቻ አይደለም ያጣው፤ መግዣም አጣ። እንዲህ ባለ ጊዜ በእጁ ብር ቢኖር ገበያው ራሱ እህሉን ያመጣለት ነበር። የኋላው ታሪክ ግን ተገላቢጦሽ ነው። ሴፍቲኔት በ1997 ዓ.ም. ሲጀመር የቀን ክፍያው 6 ብር ነበር። በወር 5 ቀን ለአንድ ሰው፣ 30 ብር መሆኑ ነው። በ2000 ዓ.ም. የእህል ዋጋ ጣራ ነካ። ክፍያው 8 ብር ቢደረግም ገበያውን ሊደርስበት አልቻለም። ብር ይወድ የነበረው ሰው «ስንዴውን ስጡን» ማለት ጀመረ። ልክ ነበር። ዋጋ በየሳምንቱ በሚዘልበት ገበያ ስንዴ ከብር ይሻላል። ቢሮ ተቀምጦ ያንን ገበያ የማይከታተል ባለሙያ ምን እንደሚሠራ አላውቅም።

ወደ እናንተ ልምጣ፣ ወደ ቢሮዎቹ። ገጠር የሚደርሰው ብር የሚዘገየው አብዛኛውን ጊዜ በመንገድ ክፋት አይደለም። አንድ ወረዳ ሒሳቡን በጊዜ አላወራረደም። ፈራሚው ስብሰባ ላይ ናቸው። ፎርሙ ላይ አንድ አምድ ተሳስቶ ተመልሷል። እናንተ «የሚቀጥለው ሳምንት ይታያል» ብላችሁ ወደ ምሳ ትወጣላችሁ። ግንቦት ላይ መድረስ የነበረበት ነሐሴ ላይ ይደርሳል፤ በመሃል በጓ ተሸጣለች። አዲስ ሆናችሁ ሥልጣን ባይኖራችሁም ፋይሉ የማን ጠረጴዛ ላይ እንዳደረ ማወቅ ትችላላችሁ። ፎቅ ወጥታችሁ «ጌታዬ፣ ይቺን ይፈርሙልኝ» በሉ። አሰልቺ ተብዬ ኖሬያለሁ፤ እናንተም ብትባሉ ምንም አትሆኑም።

ስለ «ምረቃ»ም ትንሽ ልበል። ቤተሰቡ ራሱን ቻለ ተብሎ ከፕሮግራሙ የሚወጣበት ነው። አንድ ጥሩ መኸር አይታችሁ ሰውን አታስመርቁ። ኮታ ለመሙላት የተመረቀ ገበሬ በሚቀጥለው ድርቅ ተመልሶ ይመጣል።

አሁን ደግሞ በስልክ መላክ መጥቷል። ቴሌብር ከ2013 ዓ.ም. ወዲህ ብዙ ነገር አቅልሏል። ነገር ግን ስልኩ የማን ነው? የሚስጥር ቁጥሩን የያዘው ማነው? ለእናትየው የተላከውን ታላቅ ወንድም ወረዳ ከተማ ወርዶ ያወጣዋል፤ ስንት እንደመጣ እሷ የምትሰማው ከእሱ አፍ ነው። ደውላችሁ ለራሷ ንገሯት፤ መጠኑን ሳይቀር።

የለገሃሩ ልጅ፣ አንተ ከሁላችንም ይልቅ ፈጣን ከፋይ ነህ። ፔሮል የለህ፣ ማኅተም የለህ። ለእንቁጣጣሽና ለመስቀል መላክህን አልቃወምም፣ ቤተሰብ በዓል መዋል አለበት። ከቻልክ ግን ከዚያ ላይ ቀነስ አድርገህ ሰኔን አስብ። ዘርና ማዳበሪያ የሚገዛው ያኔ ነው፣ በግ የሚሸጠውም ከዚያ በኋላ ነው። ግንቦት መጨረሻ ላይ ደውልና «ዘር አላችሁ? ከማን ተበደራችሁ?» ብለህ ጠይቅ። ስንት እንደምትልክ ከዚያ በኋላ ወስን።