ሳቅ ይጋባል፣ ኩርፊያም ይጋባል

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ ዶክተር። ድሬዳዋ፣ ሳቢያን ነው የምኖረው። ልብስ ስፌት ፋብሪካ እሠራለሁ። አለቃችን ጠዋት ፊቱን ቋጥሮ ከገባ ሁላችንም ዝም ነው። እኔ ኩርፊያውን ቤት ድረስ ይዤው እገባለሁ። ባለፈው ሳምንት ደግሞ አንዷ ልጅ መርፌ ላይ ክር ስታስገባ አስነጠሳት፤ በዚያ ሳቅ ተነሣና እንባችን እስኪወርድ ሳቅን። ማቆም አቃተን። አንዲት እናት «ይሄ ደህና አይደለም፣ ጸበል ሂዱ» አሉን። በሽታ ይሆን እንዴ?

መልስ፦ እህቴ፣ በድሬ ልማድ «አንቺ» ልበልሽ። በሽታ አይደለም።

ፊት ለፊትሽ ያለ ሰው ፈገግ ሲል የጉንጭሽ ጡንቻ ከግማሽ ሰከንድ ባነሰ ጊዜ ይከተለዋል። ሲኮሳተርም ግንባርሽ በትንሹ ይቋጠራል። አንቺ አይታወቅሽም። ሳቅ ሲሆን ደግሞ ይብሳል። ሮበርት ፕሮቫይን የተባሉ ተመራማሪ እንዳዩት ሰው ከሰው ጋር ሲሆን ብቻውን ከሚስቀው 30 እጥፍ ያህል ይስቃል። ቀልድ እንኳ አያስፈልግም። ማስነጠስ ይበቃል።

ሳቅ የጭንቀት ምልክት የሚሆንበት ጊዜ አለ። እ.ኤ.አ. በ1962 ታንጋኒካ (ዛሬ የታንዛኒያ አካል)፣ ካሻሻ በሚባል መንደር አንድ የሴቶች አዳሪ ትምህርት ቤት ውስጥ ከ159 ተማሪዎች 95ቱን ሳቅ ያዛቸው፤ ትምህርት ቤቱ ተዘጋ። የሳቁ መነሻ መርዝም ጀርምም ሆኖ አልተገኘም። ልጆቹ ግን ያለቅሱም ነበር፤ ይፈሩም ነበር። እናንተ ስቃችሁ ቀለል ብሏችሁ ወደ ሥራ ተመለሳችሁ። ልዩነቱ እዚያ ላይ ነው።

እኔን ያሳሰበኝ ኩርፊያው ነው። የአለቃ ፊት ከማንም ፊት በላይ ይታያል፤ ሁሉም «ዛሬ ምን ሆኖ ነው?» እያለ ይከታተለዋል። ስለዚህ ቶሎ ይጋባል። ማታ ቤትሽ በር ላይ ትንሽ ቆም በይና «ይሄ የኔ ነው ወይስ ከፋብሪካ ያመጣሁት?» ብለሽ ራስሽን ጠይቂ። እኔም ከአዳር ተረኛነት ስወጣ እንዲሁ አደርጋለሁ። ጥርሴን ነክሼ እንደዋልኩ የማውቀው ያኔ ነው። በሻይ ሰዓት ከሳቂዎቹ ጋር ተቀመጪ፤ እኚያን እናትም ጥሪያቸው። በግድ ግን አትሳቂ። የውሸት ፈገግታ ይዞ መዋል በጣም ያደክማል።

እንቅልፍ ካጣሽ፣ ምግብ ከዘጋሽ፣ የምትወጂው ነገር ሁሉ ከሰለቸሽና ይህም ሁለት ሳምንት ካለፈው፣ የአለቃሽ ኩርፊያ ነው ብለሽ አትተዪው። ጤና ጣቢያ ሂጂ። ደስ ሳይለው ድንገት የሚስቅና መግታት የሚያቅተው፣ ወይም ሲስቅ ራሱን የሚስት ሰው ካያችሁም ሐኪም ይየው። አንዳንዴ የሚጥል በሽታ እንዲህ ይጀምራል፤ መድኃኒትም አለው።