ለአባትሽ ፕሮቲን፦ በእናቴ ያየሁት

እህቴ፣ አባትሽ 70 ዓመት ሞልቷቸው ክንዳቸውና ጭናቸው እየሰለለ ስለመጣ የፕሮቲን ዱቄት ልግዛላቸው ወይ ብለሻል። ዓምና እዚሁ ጅማ እናቴም እንዲሁ ሆና ነበር። ቡና የምታፈላበት በርጩማ ላይ ከተቀመጠች ግድግዳ ሳትይዝ መነሳት አቃታት። ቆይቶ ማፍላቱን ለልጆች ተወችው፤ እኔ የደነገጥኩት ያኔ ነው።

ለአዋቂ ሰው በጥቅሉ የሚመከረው ለእያንዳንዱ ኪሎ ክብደት በቀን 0.8 ግራም ፕሮቲን ነው። በ2013 እ.ኤ.አ. የወጣ የባለሙያዎች ምክር ግን ከ65 ዓመት በላይ ላሉት ከ1 እስከ 1.2 ግራም ይላል፤ በዕድሜ የገፋ ጡንቻ ከዚያው ምግብ የሚገነባው ከወጣቱ ያነሰ ነውና። እናቴ 52 ኪሎ ናት፣ ስለዚህ ከ52 እስከ 62 ግራም መሆኑ ነው።

የምትበላውን ቁጭ ብዬ ስደምር ጉዱ ሽሮው ላይ ተገኘ። አንድ የሾርባ ማንኪያ የሽሮ ዱቄት 2 ግራም ገደማ ፕሮቲን አለው። እኛ ለአምስት ሰው አራት ማንኪያ በጥብጠን ነበር የምናቀጥነው! ወጥ በላች እንላለን እንጂ ከሽሮው የሚደርሳት 2 ግራም አይሞላም። ቁርሷም ሻይ በዳቦ።

የፕሮቲን ዱቄት አልገዛንም። በፍስክ ቁርሷ ሁለት እንቁላልና አንድ ብርጭቆ ወተት ሆነ፤ ያ ብቻ 20 ግራም ይጠጋል። በጾም ለእሷ በትንሿ ድስት ተጋቢኖ ይሠራላታል፣ ምስሩም ወፍራም ነው፤ ባቄላ ንፍሮ ወይም አንድ እፍኝ ኦቾሎኒ እንጨምራለን። እራቷን ቀለል አድርጋ ማደር ስለምትወድ ብዙ ተከራክረናል። በጾም 50 ግራም የምንሞላው ዛሬም በብርቱ ትግል ነው፣ አልዋሽሽም።

ምግቡ ብቻውን ግን አይበቃም፣ ጡንቻው መሥራት አለበት። እጇን ደረቷ ላይ አጣምራ ከወንበር መነሳትና መቀመጥ አስጀመርኳት፣ እኔ አጠገቧ ቆሜ። መጀመሪያ ሦስት ጊዜ ብቻ ነበር የቻለችው፤ አሁን ጠዋትና ማታ አሥር አሥር ጊዜ ትነሳለች። በሦስተኛው ወር ወደ በርጩማዋ ተመለሰች፤ ረከቦቱን የሚነካባት የለም።

አባትሽ ስኳር ወይም ደም ግፊት ካለባቸው ግን ፕሮቲን ከመጨመርሽ በፊት ኩላሊታቸውን አስመርምሪ፤ ኩላሊቱ የተዳከመ ሰው ቀንስ የሚባልበት ጊዜ አለ። ሳያስቡት ኪሎ እየቀነሱ ከሆነም ሐኪም ይያቸው። ክብደታቸውንና ቁርስ የሚበሉትን ጻፊልኝ፣ አብረን እንደምራለን።