«ስሞክ ኦን ዘ ዋተር»፦ ጥያቄ ያለው ይምጣ

ባለፈው ሰሞን ስለ ድሮ የሮክ ዘፈኖች ስናወራ ወሬው ዞሮ ዞሮ አንድ ቦታ አረፈ፤ የእንግሊዙ የሮክ ባንድ የዲፕ ፐርፕል «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» ላይ። ጊታር ነክቶ የማያውቅ ሰው እንኳ «ዳን ዳን ዳን፣ ዳን ዳን ዳ ዳን» እያለ በአፉ ይጫወተዋል። ግጥሙን ግን የሚያውቀው ጥቂት ነው። እኔ ጊታር አስተምራለሁ። ይህን ሪፍ በሳምንት ስንቴ እንደምሰማው እግዜር ይወቀው። (ሪፍ የምለው ያን እየተደጋገመ የሚመጣውን አጭር የጊታር ሐረግ ነው።) የፈለጋችሁትን ጠይቁ። ለይቼ ካልጠቀስኩ በቀር ዓመቶቹ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው።

ጥያቄ፦ ርዕሱ «ጭስ በውኃ ላይ» ማለት ነው። ሰፈር ውስጥ ታላላቆቻችን «ስለ ሐሺሽ ነው» ይሉን ነበር። እውነት ነው?

አይደለም። ዘፈኑ ዜና ነው። የት፣ መቼ፣ ማን፣ ምን ሆነ፣ ሁሉም አለበት።

ነገሩ የሆነው ኅዳር 24 ቀን 1964 ዓ.ም ነው፤ በፈረንጆቹ ዲሴምበር 4 ቀን 1971። ቦታው ጄኔቫ ሐይቅ ዳር ያለችው የስዊዘርላንድ ከተማ ሞንትሩ። የከተማዋ ካዚኖ ቁማር ቤት ብቻ አልነበረም፣ ትልቅ የሙዚቃ አዳራሽም ነበረው። የዚያን ቀን መድረኩ የአሜሪካዊው የፍራንክ ዛፓ ነበር። ዲፕ ፐርፕሎች ደግሞ አዳራሹን ተረክበው አዲሱን አልበማቸውን ሊቀዱበት መጥተው ተራቸውን እየጠበቁ ነው።

ኪቦርዱ ሶሎ ላይ እያለ ከተመልካቹ መሃል አንዱ የምልክት ሽጉጥ ወደ ጣሪያው ተኮሰ። መርከብ ሲቸገር «ድረሱልኝ» ለማለት ወደ ሰማይ የሚተኮሰው ዓይነት ነው። ጣሪያው በራታን የተሸፈነ ነበር፤ ወንበርና ቅርጫት የሚጠለፍበት ያ ደረቅ ነገር። ከዚያ በኋላማ ምን ይወራል። ካዚኖው ከነዛፓ የሙዚቃ ዕቃ ነደደ። ባንዱ ሆቴሉ ሆኖ ሲመለከት ጭሱ ሐይቁ ላይ ተነጥፎ ነበር። ርዕሱ ይኸው ነው።

ታላላቆቻችሁን ግን አትፍረዱባቸው። ባንዱ ራሱ መጀመሪያ ላይ «የዕፅ ዘፈን ይመስልብናል» ብሎ ርዕሱን ፈርቶት ነበር።

ጥያቄ፦ ሰው ሞተ?

ማንም አልሞተም። በተደበቀ መቅጃ የተያዘ የዚያ ቀን ድምፅ አለ። ዛፓ ሳይጮህ፣ ረጋ ብሎ፣ ሕዝቡን ወደ መውጫው ሲመራ ይሰማል። ክሎድ ኖብስም እሳት መሃል ገብቶ ወጣቶችን ጎትቶ አውጥቷል። ኖብስ የሞንትሩ ጃዝ ፌስቲቫልን በ1967 ከመሠረቱት አንዱ ነው፤ ግጥሙ ውስጥ «ፈንኪ ክሎድ» ተብሎ የተጠራው እሱ ነው።

ዛፓን ግን መከራ አለቀቀውም። በስድስተኛው ቀን ለንደን ሬይንቦ ቴአትር ሲጫወት አንድ ሰው መድረክ ላይ ወጥቶ ገፈተረው። ታች ወደ ኦርኬስትራው ጉድጓድ (ከመድረኩ ፊት ሙዚቀኞች የሚቀመጡበት ዝቅ ያለ ቦታ) ወድቆ ክፉኛ ተጎዳ። ብዙ ወራት በተሽከርካሪ ወንበር ነው ያሳለፈው። ማንቁርቱም ስለተጎዳ ድምፁ ከዚያ ወዲህ ወፍሮ ቀረ።

ጥያቄ፦ ካዚኖው ከተቃጠለ አልበሙን የት ቀዱት?

ይህን ስለጠየቅህ ደስ ብሎኛል፤ ከእሳቱ ይልቅ እኔ የምወደው ይህን ክፍል ነው።

መቅጃው መኪና ላይ ነበር። ሮሊንግ ስቶኖች (ሌላው የእንግሊዝ ባንድ) ስቱዲዮ አድርገው ያሠሩትን የጭነት መኪና ተከራይተው ነው የመጡት። ስቱዲዮ አለ፣ አዳራሽ የለም። ኖብስ ፓቪሊዮን የሚባል ቴአትር ቤት አገኘላቸው። ገቡና በሌሊት መጫወት ጀመሩ። ሀርድ ሮክ፣ በዚያ ድምፅ፣ በዚያ ጸጥ ባለ ከተማ! ጎረቤት ተነሣ፣ ፖሊስ መጣ። ፖሊሶቹ በሩን ሲደበድቡ የባንዱ ዕቃ ተሸካሚዎች ከውስጥ በሩን ደግፈው ይዘዋል። ውስጥ ያሉት ደግሞ የያዙትን እስኪጨርሱ ይጫወታሉ። ያ በር ተይዞለት የተቀዳው ሙዚቃ የኛው ሪፍ ነው። ያኔ ግጥምም ስምም አልነበረውም።

ከፓቪሊዮን ተባረሩ። መጨረሻ ላይ ለፈረንጆቹ ክረምት የተዘጋ ግራንድ ሆቴል ተገኘ። ብርዱ አይጣል ነው። ኮሪደሩን በፍራሽ ሸፍነው ስቱዲዮ አደረጉት። ከኮሪደሩ እስከ መኪናው ያለው መንገድ በየክፍሉና በየበረንዳው የሚያዞር ስለነበር የቀዱትን ሄዶ መስማት ሰለቻቸው። «ጥሩ ነበር? በቃ ቀጥሉ» ሆነ። «ማሽን ሄድ» የተባለው አልበም እንዲህ ነው የተሠራው።

ሊያልቅ ሲል አንድ ዘፈን ጎደለ። ያን የፓቪሊዮኑን ቅጂ አስታወሱና የደረሰባቸውን ሁሉ ጻፉበት። ርዕሱ የቤዝ ተጫዋቹ የሮጀር ግሎቨር ነው፤ ከእሳቱ በኋላ በአንዱ ጠዋት ከእንቅልፉ ሲነቃ ቃሉ ከአፉ ወጣ።

ጥያቄ፦ ልጄ 13 ዓመቱ ነው። ጊታር ከተገዛለት ጀምሮ ይህንኑ ብቻ ነው የሚጫወተው። ልክ ይሁን አይሁን እንኳ አላውቅም። እንዴት ነው የሚለየው?

እህቴ፣ በመጀመሪያ ጽናቱን ይስጥዎት።

ልጁ ሲጫወት ጣቶቹን ይዩ። ሁለት ክር ብቻ ነው የሚያስፈልገው፤ መሃል ያሉት ሁለቱ፣ የዲ እና የጂ ክር። ሁለቱንም አንድ ላይ፣ መጀመሪያ ምንም ሳይዝ ክፍቱን፣ ቀጥሎ 3ኛው ፍሬት (ፍሬት የምለው በጊታሩ አንገት ላይ በብረት ዘንግ የተከፈለውን እርከን ነው)፣ ከዚያ 5ኛው። ሁለተኛው ዙር ክፍት፣ 3፣ 6፣ 5። ሦስተኛው ክፍት፣ 3፣ 5፣ ከዚያ ወደ 3 ተመልሶ ክፍት ላይ ማረፍ። አለቀ። 6ኛው ላይ አይቆይም፣ ነክቶት ብቻ ነው የሚያልፈው።

ብዙ ልጆች የሚሳሳቱት በቀኝ እጅ ነው። በፒክ (በትንሿ የፕላስቲክ መግረፊያ) ሲገርፉት አንደኛው ክር ቀድሞ ሌላው ተከትሎ ይሰማል። የባንዱ ጊታሪስት ሪቺ ብላክሞር ግን ፒኩን ትቶ በጣቶቹ ሁለቱንም ክር እኩል ነው የሚቆነጥጠው። ሁለቱ ድምፅ እንደ አንድ «ዱብ» ይላል። ሌላው ስሕተት ፓወር ኮርድ (መነሻ ድምፁንና አምስተኛውን አብሮ መምታት) ማድረግ ነው። እኔም ጊታር ስጀምር ለሁለት ዓመት ያህል እንደዚያ ነው የተጫወትኩት። ማን ይንገረኝ! ካሴቱ ያረጀ ስለነበር ሁሉም ነገር ፓወር ኮርድ ይመስል ነበር።

ጥያቄ፦ ክራር እጫወታለሁ። ሪፉን ስሰማው ባቲ ባቲ ይለኛል። አብጃለሁ?

አላበድክም። ባቲ ማይነርን ከጂ ብትነሣ ጂ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ፣ ዲ፣ ኤፍ ነው። የሪፉ የላይኛው ዜማ ደግሞ ጂ፣ ቢ ፍላት፣ ሲ ብሎ ይነሣል። እስከዚህ ድረስ አንድ ናቸው። የሚያፈርሰው ያ 6ኛው ፍሬት ነው፤ ዲ ፍላት። እሱ ከብሉዝ የመጣ ነው፣ ባቲ ውስጥ የለም። ክራርህን በባቲ ቃኝተህ ብትሞክረው እዚያች ላይ ክር ታጣለህ። ሞክረውና ንገረኝ።

ጥያቄ፦ ሪፉ የተሰረቀ ነው ይባላል። ከቤትሆቨን? ከብራዚል?

የቤትሆቨኑን ያወራው ብላክሞር ራሱ ነው፤ አምስተኛውን ሲምፎኒ ገልብጬው ነው ይላል። ሰውየው መቀለድ ይወዳል፣ እኔ ብዙም አላምነውም። የብራዚሉ ከበድ ይላል። የካርሎስ ሊራ «ማሪያ ሞይታ» የምትባል ዘፈን አለች፤ በ1966 አስትሩድ ጂልበርቶና ጊል ኢቫንስ «ማሪያ ኳየት» ብለው ሲቀዷት መግቢያው ላይ የሚሰማው ሐረግ በጣም ይመሳሰላል። ሰሙት ወይስ አልሰሙትም የሚለውን የሚፈታ ማስረጃ አላየሁም። ሁለቱን አከታትላችሁ ስሙና ፍረዱ።

ጥያቄ፦ ሲወጣ ወዲያው ነው የታወቀው?

ኧረ የለም! አልበሙ በማርች 1972 ሲወጣ ባንዱ ተስፋ የጣለው «ኔቨር ቢፎር» በሚለው ዘፈን ላይ ነበር። ዛሬ ማን ያስታውሰዋል? «ስሞክ ኦን ዘ ዋተር» አሜሪካ ውስጥ በነጠላ የወጣው ከዓመት በላይ ቆይቶ በ1973 ነው። በዚያው ዓመት ሐምሌ ላይ ቢልቦርድ በሚባለው የአሜሪካ የዘፈኖች ደረጃ ሰንጠረዥ ውስጥ 4ኛ ደረጃ ደረሰ።

የሚያስቀው ግን ምን መሰላችሁ? ዘፈኑ ጣሪያ ሲነካ ዘፋኙ ኢያን ጊላን ባንዱን ለቋል። ግሎቨርም አብሮ ወጥቷል። ሁለቱም የተመለሱት በ1984 ነው። በመሃል ጊላን ወደ ሌላው የሮክ ባንድ ወደ ብላክ ሳባዝ ገብቶ በ1983ቱ ጉዞ ይህንኑ ዘፈን እነሱም እንዲጫወቱት አድርጓል። የብላክ ሳባዝ ደጋፊዎች እስከ ዛሬ ይቀልዱበታል።

ጥያቄ፦ ከእኛ አገር ጋር የሚያገናኘው ነገር አለ?

ቀጥታ የለም። በአንድ በኩል ግን አለ። ዲሴምበር 1988 አርመን ውስጥ ከባድ የመሬት መንቀጥቀጥ ደርሶ ቢያንስ 25,000 ሰው አለቀ። ለእርዳታ ገንዘብ ማሰባሰቢያ «ሮክ ኤይድ አርሜኒያ» በሚል ስም የተለያዩ ባንዶች ሰዎች ተሰብስበው አንድ ዘፈን እንደገና ቀዱ። የተመረጠው ይኸው ነበር። ጊላንና ብላክሞር አሉበት። ከኩዊን ብራያን ሜይ፣ ከብላክ ሳባዝ ቶኒ አዮሚ፣ ከፒንክ ፍሎይድ ዴቪድ ጊልሞር፣ ደግሞም ብራያን አዳምስ። እነዚህ አራቱ በጁላይ 13 ቀን 1985 ላይቭ ኤይድ በተባለው የእርዳታ ኮንሰርት መድረክ ላይ ነበሩ፤ ለኛ፣ ለሰባ ሰባቱ ድርቅ። መንገዱን ያወቁት በዚያ ነው ማለት ይቻላል።

አርመን ሲባል ደግሞ የኛ ሰው ዝም ማለት አይችልም። በ1924 ራስ ተፈሪ ከኢየሩሳሌም ያመጧቸው ሙዚቀኞቹ «አርባ ልጆች» አርመኖች ነበሩ። መሪያቸው ኬቮርክ ናልባንዲያን የንጉሠ ነገሥቱን ዘመን ብሔራዊ መዝሙር ዜማ የደረሰው ነው። ከርዕሱ ወጣሁ መሰለኝ፤ እንመለስ።

ጥያቄ፦ ብዙ ሰው አንድ ላይ ተጫወተው ሲባል ሰምቼ ነበር።

አዎ፣ በ2007 ካንሳስ ሲቲ ውስጥ ከ1,600 በላይ ጊታሪስቶች አንድ ላይ ተጫውተውታል። ሁሉም ጊታሩን በደንብ ቃኝቶ እንደሆነ ግን እጠራጠራለሁ።

ጥያቄ፦ ሞንትሩ አሁን ምን ይታያል? በመጪው ክረምት ስዊዘርላንድ ያለች እህቴ ጋ እሄዳለሁ።

ካዚኖው እንደገና ተሠርቶ በ1975 ተከፍቷል። ሐይቁ ዳር የኩዊኑ ዘፋኝ የፍሬዲ ሜርኩሪ ሐውልት አለ፤ ሁሉም ፎቶ የሚነሣው እዚያ ነው። አጠገቡ ደግሞ የዲፕ ፐርፕል ስምና የሪፉ ኖታ የተሠራበት መታሰቢያ አለ። ሰዎች ሳያዩት ያልፋሉ። አንተ እንዳታልፈው።

ጥያቄ፦ የትኛውን ቅጂ ልስማ?

መጀመሪያ የአልበሙን። በጆሮ ማዳመጫ። ጊታሩ ብቻውን ይገባል፣ ከዚያ የድራሙ ሃይ ሃት (በእግር የሚገጣጠሙት ሁለቱ ጸናጽል) እና የኪቦርድ ተጫዋቹ የጆን ሎርድ ሃሞንድ ኦርጋን ይቀላቀላሉ፣ ሙሉው ድራም ይከተላል፣ ቤዙ በመጨረሻ ይመጣል። ኦርጋኑን ልብ በሉ፤ የሚያጓራው ጊታር ስለሚመስል ብዙ ሰው ኦርጋን መሆኑን አያውቅም። ቀጥሎ በ1972 ጃፓን ውስጥ የተቀዳውን «ሜድ ኢን ጃፓን»። እዚያ ብላክሞር ሪፉን ራሱን ሆን ብሎ እያጣመመ ይጀምረዋል።

ጥያቄ፦ የመጨረሻ። ጊታር ልገዛ ሙዚቃ መሣሪያ ቤት ገብቼ ይህንኑ ብጫወት ነውር ነው?

ነውር እንኳ የለበትም። ብቻ ሻጩ ከጠዋት ጀምሮ ስምንቴ ሰምቶታል። ፒኩን ኪስህ ከትተህ በጣት ቆንጥጠው፤ ምናልባት ከስልኩ ላይ ቀና ይል ይሆናል።