ቀዩን መብራት ላበራ ሠራተኛ ማን ይደርስለታል?

ይህችን የምጽፈው ከተግባረ ዕድ፣ ከዊንጌት ወይም ከሌላ ቴክኒክ ትምህርት ቤት ወጥታችሁ ፋብሪካ ጥገና ክፍል ለምትገቡ ልጆች ነው። እኔ ጡረታ ወጥቻለሁ። የሥራ ዘመኔ ያለቀው እዚሁ መሃል አዲስ አበባ፣ ከአራት ኪሎ እስከ ሜክሲኮ ባሉ ማተሚያ ቤቶችና ፋብሪካዎች ውስጥ ነው። ሰሞኑን ገመድ አልባ የምልክት መብራት ስለመግጠም የምትጠይቁኝ በዝታችኋል። ጥያቄያችሁ ግን ሁልጊዜ ስለ ዋጋውና ምልክቱ ስለሚደርስበት ርቀት ነው።

መጀመሪያ ያለንበትን እንይ። የመሃል ከተማ ፋብሪካ እንደ ኢንዱስትሪ ፓርክ ሼድ አንድ ሰፊ አዳራሽ አይደለም። ግንቡ ወፍራም ነው። ማሽኑ ምድር ቤት፣ መጠረዣው ፎቅ ላይ፣ ስቶሩ ጓሮ፣ ጥገናው ከጄነሬተሩ ጎን ነው። ማሽን የቆመበት ኦፕሬተር ምን ያደርጋል? ያፏጫል። ካልተሰማለት በያዘው ቁልፍ ብረት ይደበድባል። ቀጥሎ ረዳቱን ይልካል። ረዳቱ በዚያው ቀረ እንዴ ሲባል ኦፕሬተሩ ስልኩን አውጥቶ ለመካኒኩ ሚስድ ኮል ያደርጋል፤ በራሱ ካርድ ለፋብሪካ ጉዳይ ሂሳብ ማቃጠል ማን ይወዳል? መካኒኩ ደግሞ ጄነሬተር ሥር ነው፣ ስልኩ ቢጮህም አይሰማም። ጥገናው 5 ደቂቃ ለሚፈጅ ብልሽት ግማሽ ሰዓት በፍለጋ ያልቃል።

መብራቱ የሚያሳጥረው ይህን ፍለጋ ነው። አሠራሩ ቀላል ነው። ማሽኑ ላይ ቀይ፣ ቢጫና አረንጓዴ መብራቶች የተደረደሩበት ዘንግና ትንሽ የሬዲዮ ማስተላለፊያ ይገጠማል። ኦፕሬተሩ ቁልፉን ሲጫን ጥገና ክፍል ያለው መቀበያ የትኛው ማሽን እንደጠራ ያሳያል፣ ድምፅም ያሰማል። ግንብ መሰርሰር የለም፣ ኬብል መጎተት የለም። ማሽኑ ነገ ቦታ ቢቀየር መብራቱም አብሮት ይሄዳል።

«ጋሼ፣ ለዚህ ቴሌግራም ግሩፕ አይበቃም?» ያለኝ ልጅ አለ። አይበቃም። ግራሶ የነካው እጅ ስልክ አይነካካም፤ የሚሽከረከር ሮለር አጠገብ ስልክ ማየትም አደጋ ነው። ከሁሉ በላይ መልእክቱን የሚያየው ስልኩን የከፈተ ሰው ብቻ ነው። መብራቱን ግን ፎርማኑም፣ ስቶር ኪፐሩም፣ በዚያ ያለፈው ሁሉ ያየዋል። ኋላ «አላየሁም» ማለት ይከብዳል።

ሐሳቡ አዲስ አይደለም። ጃፓናዊው ሳኪቺ ቶዮዳ እንደ ፈረንጅ አቆጣጠር በ1924 ያወጣው የሽመና ማሽን ክር ሲበጠስ ራሱ ይቆም ነበር። በኋላ በቶዮታ የመኪና ፋብሪካ ይኸው ሐሳብ ወደ ሰው ተላለፈ። ችግር ያየ ሠራተኛ ገመድ ይስባል፣ መብራት ይበራል፣ የቡድን መሪው ይመጣል። በተመደበው ጊዜ ከተፈታ የምርት መስመሩ አይቆምም፤ ካልተፈታ ይቆማል። ብዙዎቻችን መብራቱን እናያለን እንጂ የቡድን መሪውን አመጣጥ አናይም። ሰውየው የሚመጣው ለማገዝ ነው።

አንድ ፋብሪካ መብራቱን አስገጠመ። ስሙ ይቅር። ቀይ በበራ ቁጥር ፎርማኑ እየሮጠ ይመጣል፤ እሰየው ነው፣ ግን የመጀመሪያ ቃሉ «ማነው ያበራው?» ነው። ቀጥሎ ማስጠንቀቂያ ደብዳቤ። ብዙም ሳይቆይ ቀይ የሚያበራ ጠፋ፣ ቤቱ ሁሉ አረንጓዴ ሆነ። አለቆቹም ደስ አላቸው! ቤሪንጉ እየጮኸ፣ ቀበቶው እየሸተተ መብራቱ አረንጓዴ ነው። ካልተናገሩ ደጃዝማችነት ይቀራል ይባላል፤ እዚያ ቤት ግን ሲናገሩ ነበር ደመወዝ የሚቀረው። ስለዚህ መብራቱን ከመግዛታችሁ በፊት አለቃችሁን ሦስት ነገር በወረቀት አስፈርሙ። ቀይ ሲበራ ማን ይመጣል? በስንት ደቂቃ? እሱ ከሌለስ ማን? በተለይ የሌሊት ፈረቃውን ጠይቁ። ቀን በወረቀት የተመደበው ሰው ሌሊት እቤቱ ተኝቷል።

ቢጫውን አትናቁት። ብዙ ቤት ቢጫ ጌጥ ነው። ለእኔ ግን ከቀይ ይልቅ ገንዘብ የሚያድነው ቢጫ ነው። የወረቀት ጥቅሉ ሊያልቅ ሲል ወይም ቀለም ሲቀንስ ቢጫ በርቶ ስቶር ከተሰማ ማሽኑ ጭራሽ አይቆምም። የቀለሙን ትርጉም ግን ከራሳችሁ አትፍጠሩ። አይኢሲ 60204-1 የሚባለው ዓለም አቀፍ ደረጃ ቀይን ለአደጋ፣ ቢጫን ከተለመደው ለወጣ ሁኔታ፣ አረንጓዴን ለደህና፣ ሰማያዊን ሰው የግድ አንድ ነገር እንዲያደርግ ለሚጠይቅ ሁኔታ ሰጥቷል። ቀይና አረንጓዴ የማይለይ ዓይን ያለው ወንድም በመካከላችሁ ሊኖር ስለሚችል ቀዩ ምንጊዜም ከላይ ይሁን። ቀለሙ ባይለይ ቦታው ይለያል።

አሁን ወደ ሬዲዮው። አንድ ጊዜ መቀበያው አልሠራ አለ ተብዬ ሄድኩ። ገጣሚው ልጅ ላብ በላብ ሆኗል። የብረት ቦርዱን ከፍቶ ሲሞክር ይሠራል፤ ሲዘጋው ዝም። ደግሞ ይከፍታል፣ ይሠራል። አንቴናው ከነመቀበያው ብረት ሳጥን ውስጥ ነበር። ብረት ደግሞ ሬዲዮ አያሳልፍም። አንቴናውን ወደ ውጭ አውጥተን ከፍ አድርገን ሰቀልነው፣ አለቀ። ብዙዎቹ ዕቃዎች የሚሠሩት በ2.4 ጊጋኸርዝ ነው። ይህ ዋይፋይና ብሉቱዝም የሚሻሙበት መንገድ ነው። ግንብ ለበዛበት ቤት ከ1 ጊጋኸርዝ በታች ያለው ይሻላል፣ ግድግዳ አልፎ ይሄዳል። ብቻ ከማስመጣታችሁ በፊት ፍሪኩዌንሲው የተፈቀደ መሆኑን ከኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣን አጣሩ። ካርቶኑ ላይ የተጻፈውን ርቀትም አትመኑት፤ ሜዳ ላይ የተለካ ነው። ሙከራውን ማሽኑ ሁሉ እየሠራ፣ ጄነሬተሩም ተነስቶ አድርጉ።

ሻጩን የምትጠይቁት ዋና ጥያቄ ይህ ነው፦ ማስተላለፊያው ባትሪው ቢያልቅ መቀበያው ያውቃል ወይ? ጥሩ ዕቃ በየጊዜው «አለሁ» የሚል ምልክት ይልካል። ምልክቱ ሲቀር መቀበያው ይናገራል። ርካሹ ግን ዝም ይላል፣ እናንተም ደህና ነው ብላችሁ ትቀመጣላችሁ። ኤሌክትሪክ ሲጠፋ መቀበያው አብሮ እንዳይሞት ደግሞ ዩፒኤስ (ባትሪ ያለው የኃይል መጠባበቂያ) ላይ ይሁን።

አንድ ነገር ላይ አልደራደርም። የአደጋ ጊዜ ማቆሚያው፣ ያ ትልቁ ቀይ ቁልፍ፣ በሽቦ እንደተገናኘ ይቆይ። ለዚህ ተብሎ የተሠራና ለደህንነት የተመሰከረለት ገመድ አልባ ማቆሚያ አለ፤ የምልክት መብራት ግን እሱ አይደለም። ሰው ለመጥራት ነው። አለቃ «ሁለቱንም በአንዱ እንጨርስ» ቢል እምቢ በሉ፣ እምቢታችሁንም ጽፋችሁ ፋይል አስገቡ።

ድምፁን በተመለከተ፣ ልጆች ጩኸት ይወዳሉ። የአደጋ ድምፅ ከቤቱ ጩኸት ቢያንስ በ15 ዴሲቤል ይብለጥ የሚል መለኪያ አለ። ዴሲቤል የድምፅ መለኪያ ነው፤ ቤቱ 85 ከሆነ 100 ሊገባ ነው ማለት ነው። ለጆሮ ከባድ ነው፤ ስለዚህ ይህን ከባድ ጩኸት ለእውነተኛ አደጋ አስቀምጡ፣ ወረቀት አለቀ ለማለት መብራት ይበቃል። አንድ ማተሚያ ቤት አላርሙ በሰበብ አስባቡ ሲጮህባቸው የሌሊት ልጆቹ ጉሮሮው ውስጥ ጨርቅ ጠቅጥቀውበት አግኝቻለሁ። እነሱን ለመቆጣት አፌ አልታዘዘኝም። በ1979 በአሜሪካ ስሪ ማይል አይላንድ የኑክሌር ጣቢያ አደጋ ሲደርስ በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከ100 በላይ ማንቂያዎች ጮኸዋል። ኦፕሬተሮቹ የቱ ዋናው እንደሆነ መለየት አቃታቸው። እዚያ ጨርቅ የጠቀጠቀ አልነበረም፤ ሁሉም እየሰማ ነው የጠፋባቸው።

ስትጀምሩ ሃያ ማሽን ላይ አትግጠሙ። ብዙ የሚቆመውን አንዱን ምረጡ፣ አንድ ወር ሞክሩት። መብራቱ የበራበትን፣ ሰው የደረሰበትንና ማሽኑ የተነሳበትን ሰዓት ሎግ ቡክ ላይ ለያይታችሁ ጻፉ። ብዙ ቤት የሚጻፈው የመጀመሪያውና የመጨረሻው ብቻ ስለሆነ ጥፋቱ ሁሉ በመካኒኩ ይላከካል። መሃለኛው ሰዓት ሲገባ ነገሩ ይለያል፤ አንዳንዴ መካኒኩ ሳይሆን የስቶር ቁልፍ የያዘው ሰው ነው የሚጠበቀው። ያንን ወረቀት ይዛችሁ ግቡና ለሁለተኛው ማሽን በጀት ጠይቁ። መለዋወጫ ባትሪና አንድ ትርፍ ማስተላለፊያም በዚያው ግዢ ላይ አስገቡ፤ ለብቻው ሲጠየቅ ፋይናንስ ያጉላላችኋል።