የሙዚየም መለያ ወረቀት የባለቤትነት ማስረጃ ይሆናል?

ጥያቄ፦ በሜሪላንድ የምኖር ማዕድን ሰብሳቢ ነኝ። ከሁለት ዓመት በፊት በአሪዞናው የቱሳን የማዕድን ትርኢት ላይ ከቦሊቪያ ፖቶሲ የወጣ ፎስፎፊላይት የተባለ ማዕድን በ9,000 ዶላር ገዛሁ። የአንድ አውሮፓዊ ሙዚየም አሮጌ መለያ ወረቀት አብሮት አለ፤ ሻጩም ከሙዚየሙ በልውውጥ የወጣ ነው ብሎኛል። አሁን ልሸጥለት ያሰብኩት ሰው ሙዚየሙ ድንጋዩን መልቀቁን የሚያሳይ የመውጫ ሰነድ ጠየቀኝ። ድንጋዩን አስጸድቼዋለሁ። መሸጥ እችላለሁ?

መልስ፦ ቀላሉን ላስቀድም። አሪዞና በተቀበለችው የንግድ ሕግ መሠረት ሻጭ ምንም ባይናገር እንኳ የባለቤትነት ዋስትና እንደሰጠ ይቆጠራል፤ «እንዳለ ነው የሸጥኩት» ማለት ብቻውን ከዚህ አያወጣውም። የክስ ጊዜው በመርህ ደረጃ ዕቃውን ከተረከቡበት ቀን ጀምሮ 4 ዓመት ስለሆነ ገና አላለፈብዎትም፤ ችግር መኖሩን ካወቁ ግን ለሻጩ ሳይዘገዩ ማሳወቅ ይኖርብዎታል።

ሰብሳቢዎች ደጋግመው የሚወድቁበት ወጥመድ መለያ ወረቀትን እንደ ቤት ካርታ መቁጠር ነው። ወረቀቱ የሚመሰክረው ድንጋዩ በአንድ ወቅት በሙዚየሙ እጅ እንደነበረ እንጂ ሙዚየሙ እንደለቀቀው አይደለም። ሙዚየሞች ትርፍ ናሙና መለዋወጣቸው የተለመደና ሕጋዊ ነው፤ በአግባቡ የተደረገ ልውውጥ ግን በመዝገብ ላይ ዱካ ይተዋል፣ እርስዎም የሚያስፈልግዎ ያ ዱካ ነው። እሱ ከሌለ፣ ዋጋውን ከፍ ያደረገው ወረቀት ራሱ ሙዚየሙ «ንብረቴ ነው» ብሎ ሲመጣ የሚያቀርበው ማስረጃ ይሆናል። በአሜሪካ ሕግ ሌባ ባለቤትነት ማስተላለፍ ስለማይችል በቅን ልቦና መግዛትዎ ብቻውን አያድንዎትም። «ድንጋይ ነው እንጂ ቅርስ አይደለም» እንዳይሉኝም፣ እ.ኤ.አ. የ1970ው የዩኔስኮ ስምምነት ብርቅ የማዕድን ናሙናዎችን በባህላዊ ንብረትነት በስም ይጠቅሳል፤ አሜሪካ በ1983 ባወጣችው ማስፈጸሚያ ሕግም ከአባል አገር ሙዚየም የተሰረቀና በመዝገቡ ላይ የሚገኝ ንብረት፣ ስርቆቱ ሕጉ ለዚያ አገር ከጸናበት ቀን በኋላ ከሆነ፣ ወደ አገር እንዳይገባ ተከልክሏል።

አሁን ወዳልነገሩኝ ነገር ልምጣ። አስጸድተውታል፤ ከምን? ሙዚየሞች ብዙ ጊዜ የመዝገብ ቁጥሩን በናሙናው ጀርባ ላይ በቀለም ይጽፋሉ። ፎስፎፊላይት ደግሞ ከ1 እስከ 10 በሚደርሰው የማዕድን ጥንካሬ መለኪያ (ሞስ) ከ3 እስከ 3.5 ብቻ የሆነ፣ በቀላሉ የሚሰነጠቅ፣ በአሲድም የሚሟሟ ስለሆነ ልምድ ያለው ሰብሳቢ ያለ በቂ ምክንያት አያስጸዳውም። ይህን በጥያቄዎ መጨረሻ እንደ ዋዛ ጣል ማድረግዎ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና፣ አላስደሰተኝም። ቁጥር ነበረበት? ተፍቋል? በየዋህነት ቢደረግ እንኳ ለፍርድ ቤት መደበቅ ይመስላል። እባክዎ ቁጥሩን መልሰው ለመጻፍ አይሞክሩ፤ ከመጽዳቱ በፊት የተነሡ ፎቶዎችንና ያጸዳውን ሰው የክፍያ ደረሰኝ ይፈልጉ።

ሰነዱ እስኪገኝ ድረስ አይሽጡ። ከሸጡ የባለቤትነት ዋስትና ሰጪው እርስዎ ይሆናሉ፤ ገዢው ጥያቄውን ካነሣ በኋላም «አልጠረጠርኩም» ማለት ይከብድዎታል። የተሰረቀ መሆኑን እያወቁ 5,000 ዶላርና ከዚያ በላይ የሚያወጣ ንብረት ከግዛት ወደ ግዛት ማሻገር በፌዴራል ሕግ ወንጀል መሆኑንም ልብ ይበሉ። የግዢ ደረሰኙን፣ የባንክ ማስረጃውን፣ ከሻጩ ጋር የተጻጻፉትን ሁሉና የመለያ ወረቀቱን የሁለቱንም ገጽ ቅጂ ይዘው በሜሪላንድ ፈቃድ ያለው ጠበቃ ያማክሩ። ለሙዚየሙ በራስዎ አይጻፉ፤ ለምሳሌ በኒውዮርክ በቅን ልቦና በገዛ ሰው ላይ የይርጋው ጊዜ መቆጠር የሚጀምረው ባለቤቱ ጠይቆ ሲከለከል ስለሆነ፣ የመልስዎ አጻጻፍ ራሱ ሕጋዊ ውጤት ሊኖረው ይችላል። ለገዢው ለጊዜው «ሰነዱን እያጣራሁ ነው» ማለት ይበቃል። ቀብድ ተቀብለው ከሆነ ግን፣ ይህንንም አልነገሩኝም፣ ገንዘቡን ሳይነኩ አስቀድመው ለጠበቃዎ ይንገሩ።