ወላጆች ስብሰባ አይመጡም ላልሽው

እህቴ፣ «ኬጂ አስተምራለሁ፤ ስብሰባ ስንጠራ ወላጆች አይመጡም፤ የመጡትም የሚጠይቁኝ ልጄ ስንት ፊደል ቻለ ብቻ ነው፤ እንዴት ላቅርባቸው?» ብለሽ የጻፍሽውን ሁለቴ አነበብኩት። እኔም አዲስ አበባ ውስጥ 14 ዓመት ሕፃናት አስተምሬያለሁ። የመጀመሪያዎቹን ዓመታት ልክ እንዳንቺ ባዶ ወንበር ሳይ ነው ያሳለፍኩት።

ስብሰባውን ለጊዜው ተዪው። ዋናው ሥራ ያለው በር ላይ ነው፤ ልጁን ሲያስረክቡሽና ሲረከቡሽ ባለችው ሁለት ደቂቃ። እዚያች ላይ «ደህና ዋለች» ብለሽ አትሸኚ። በዓይንሽ ያየሽውን አንድ ነገር ንገሪያቸው። «ዛሬ ብርቱካኗን ለጓደኛዋ አካፈለች» በያት። ይህን የሰማች እናት በማግስቱ ራሷ ወሬ ይዛልሽ ትመጣለች።

አንዲት የአራት ዓመት ልጅ ነበረችኝ። የእንቅልፍ ሰዓት ሲደርስ ታለቅሳለች። ባቅፋት፣ ብዘምርላት አልሆነም። ሁለት ሳምንት ሙሉ! እናቷ ሥራ በጠዋት ስለምትገባ የሚያመጧት አያቷ ነበሩ። እኔ ደግሞ እናትየውን ካላገኘሁ ብዬ፣ አያትየውን ሰላም ብቻ ብዬ አሳልፋቸዋለሁ። አንድ ቀን «እማማ፣ ቤት እንዴት ነው የምትተኛው?» አልኳቸው። «የነጠላዬን ጥለት በጣቷ እያሻሸች ነዋ!» አሉኝ። በማግስቱ ከአሮጌ ነጠላ የተቀደደ ቁራጭ አጣጥፈው አመጡልኝ። ልጅቷ ጥለቱን እያሻሸች አምስት ደቂቃ ሳይሞላ እንቅልፍ ወሰዳት።

ከዚያ ወዲህ ልጅ የሚያመጣውን ሰው አልመርጥም። አያትም ይሁኑ፣ ታላቅ ወንድም፣ የቤት ሠራተኛም ትሁን። በተለይ ሠራተኞቹን በስማቸው ጥሪያቸው። ብዙ ቤት ልጁ ምን እንደሚበላ፣ ምን እንደሚያስፈራው አጥርተው የሚያውቁት እነሱ ናቸው። «እሷን ደግሞ ምን ትጠይቂያታለሽ?» የሚል ሰው ሲያጋጥመኝ አሁንም ያመኛል።

የፊደሉን ነገር ካነሳሽ፣ አትፍረጂባቸው። ከፍለው ያስተምራሉ፤ ውጤቱን ደብተር ላይ ማየት ይፈልጋሉ። አንድ አባት «ልጄ እስካሁን እርሳስ አይዝም» ብለው ተቆጥተው መጡ። አልተከራከርኳቸውም። ክፍል አስገብቼ ልጁ ጭቃ ሲያድበለብል አሳየኋቸው። «ጣቶቹ ገና እየጠነከሩ ነው፤ ቤት ምስር ይልቀም» አልኳቸው። በሳምንቱ ልጁ ከእናቱ ጋር ሰፌድ ላይ አጎንብሶ ምስር ሲለቅም ቪዲዮ ቀርጸው በቴሌግራም ላኩልኝ። ስለ እርሳሱ ዳግም አላነሱም።

አንድ ነገር ግን አደራ። ልጅ ሲወድቅ ወይም ሲነከስ ወላጁ መጀመሪያ ካንቺ ይስማ። አንዴ ሥራ በዝቶብኝ ሳልናገር ቀረሁ። እናትየው ማታ ስታጥበው ክንዱ ላይ የጥርስ ምልክት አገኘች። ዓመቱ እስኪያልቅ ቀና ብላ አላየችኝም። እውነቷን ነው።

«ክፍሌ ብዙ ልጅ ነው፣ ለሁሉም እንዴት እደርሳለሁ?» ትዪኝ ይሆናል። የኔ ክፍል 38 ልጅ ነበረው። በቀን የአራት ልጆች ስም ጠዋት ወረቀት ላይ እጽፍና የዚያን ቀን እነሱን ለይቼ አያለሁ። ማታ በር ላይ የምነግረው ነገር አላጣም። በሁለት ሳምንት ሁሉም ይዳረሳል። ሰኞ ጀምሪና እንዴት እንደሆነልሽ እዚሁ ጻፊልን።