ውሻህ ሌባ ነከሰ? ጣቢያ ሄደህ ከመፎከርህ በፊት

«ሌሊት አጥር ዘሎ የገባ ሰው ውሻዬ ነከሰው፤ አሁን ካልከሰስኩህ እያለ ነው፤ እኔን ምን አገባኝ?» ላልከው ወንድሜ፦ ያገባሃል። እኔም እንዳንተ ነበር ያሰብኩት።

1. ቃል ስትሰጥ አትፎክር። ከሌሊቱ 9 ሰዓት ላይ ውሻዬ ሰውየውን መጋዘኑ በር ላይ ክንዱን ይዞ አስቀረው። ጎበዝ ውሻ ነው፣ ዛሬም እኮራበታለሁ። ጠዋት መርማሪው ሲጠይቀኝ ደረቴን ነፍቼ «ያዘው! ብዬ ለቀቅኩበት» አልኩ። ቀና ብሎ እንኳን አላየኝም፤ ጻፈ፣ ፈረምኩ። ጉድ የሠራችኝ ያቺ አንድ መስመር ናት። ውሻው በራሱ ተነስቶ ቢነክስ አንድ ነገር ነው። «ያዘው» ካልከው ግን በእጅህ እንደያዝከው ዱላ ይቆጠራል። ከዚያ ጥያቄው ሌባ ነው አይደለም መሆኑ ይቀርና «ይህን ያህል መምታት ያስፈልግ ነበር ወይ?» ይሆናል። ሰውየው ደግሞ መሬት ላይ ተዘርሮ «በቃኝ፣ በቃኝ» ሲል ጎረቤት ሁሉ ሰምቷል።

2. «ልቀቅ» አስተምረው። እኔ «ያዝ»ን ብቻ ነበር ያስተማርኩት፣ ሞኝ! ስጮህበት ያበረታሁት መሰለው። አንገቱን ይዤ ስጎትተው ጥርሱ ክንዱ ውስጥ እንዳለ ስለተጎተተ ቁስሉ ባሰ። ያንን ድምፅ አልረሳውም። የፖሊስ ውሾች አንዳንዶቹ ተጠርጣሪውን ሲያገኙ ካልሸሸ ወይም ካላጠቃ በስተቀር እየጮሁ እንዲጠብቁ፣ ሌሎቹ ነክሰው እንዲይዙ ይሠለጥናሉ። ሁለቱም ግን በአንድ ቃል መልቀቅ አለባቸው። የኔ ጠበቃ መጀመሪያ የጠየቀኝም ይህንኑ ነው።

3. «ተናካሽ ውሻ አለ» የሚለው ጽሑፍ አያድንህም። የገባው ሰው እያወቀ እንደገባ ያሳያል፣ እውነት ነው። ግን ውሻህ ተናካሽ መሆኑን አንተም ታውቅ እንደነበር ያሳያል። ሕጉም ከአገር አገር ይለያያል። ካሊፎርኒያ ውስጥ ባለቤቱ የውሻውን ጠባይ ቀድሞ ባያውቅም ይጠየቃል፤ ተነካሹ ግን ቦታው ላይ በሕጋዊ መንገድ የተገኘ መሆን አለበት። እንግሊዝ ውስጥ እ.ኤ.አ. በ1975 የወጣው ሕግ ደግሞ ድርጅት የሚጠብቅ ውሻ ካልታሰረ የሚቆጣጠረው ሰው አብሮት እንዲኖር ያዛል፤ መግቢያው ላይ ማስጠንቀቂያም ይጠይቃል። የኔን ውሻ ማን ይቆጣጠረው ነበር? ሰውየው ሲገባ እኔ ተኝቼ ነበር።

4. የክትባት ወረቀት። ወይ ጉድ፣ ይሄስ ብቻውን ሌላ ታሪክ ነው። ውሻው በጊዜው ተከትቧል፤ ወረቀቱ ግን የለም። ቅጂ ልጠይቅ የተከተበበት ቦታ ሄድኩ። ጸሐፊዋ ስልኳን እየነካካች «ነገ ና» አለችኝ፤ ነገ ሄድኩ፣ «ኃላፊው የለም»። በአራተኛው ቀን መዝገቡ ከጠረጴዛዋ ሥር ወጣ፣ ሻይ ፈሶበት! እስከዚያ የተነከሰው ሰው የእብድ ውሻ ክትባት ጀምሮ ነበር፤ ሊፈረድበትም አይችልም። ያኔውኑ ቁስሉን 15 ደቂቃ በውኃና በሳሙና ያጠብነው እኔና ሚስቴ ነን። ይህን ግን ማንም አልጻፈልኝም።

መጨረሻ ላይ እሱ በስርቆት ሙከራ ተቀጣ፣ እኔ የሕክምናውን ግማሽ ከፈልኩ። ለሌባ!

ውሻው ለ10 ቀን ተለይቶ ታይቶ ጤነኛ ሆኖ ወጣ። አሁን «ልቀቅ» ስለው ኳሱን ወዲያው ይጥላል። አጥንት ሲሆን ግን መጀመሪያ ዓይን ዓይኔን ያየኛል።